ጀልባ ስል እማዬ ዝም አለች

«ቅዳሜ ዓሣ ልናጠምድ ነው፤ ትመጣለህ» አለኝ የሥራ ባልደረባዬ። ልብ በሉ፣ አልጠየቀኝም። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው። ትንሽ ጀልባ አለችው። ስለ እሷ ሲያወራ ለሰሚው ስለ ልጁ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እኔም እሺ አልኩ። ለስደተኛ ቅዳሜ አያልቅም።

«ጀልባ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«አንዴ።»

«አቅለሸለሸህ?»

«እሱን ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም» አልኩት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። ምን ልበለው? ያኔ ሌሊት ነበር። ስንት ሰው እንደተሳፈረ የቆጠረ የለም። ላይፍ ጃኬት ያደረጉት ጥቂቶች ነበሩ፣ እኔ የለሁበትም። ዋና አልችልም። ዛሬም አልችልም።

ስለዚህ ዝግጅቱን የምር ያዝኩት። መጀመሪያ የማጥመጃ ዘንግ ልገዛ ስል ከለከለኝ። «ዘንግ እኔ ጋ ሞልቷል። አንተ ራስህን አዘጋጅ» አለ። ማክሰኞ ዕለት ላይፍ ጃኬት ይዞ ሥራ ቦታ መጣ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አለበሰኝና ቀበቶውን አጠበቀልኝ። ከዚያ «እጅህን ወደ ላይ አንሣ» ብሎ ጃኬቱን በትከሻው በኩል ይዞ ወደ ላይ ሳበው። ጆሮዬ ጋ ደረሰ። «አየህ፣ ውሃ ውስጥ አንተ ትቀራለህ፣ እሱ ይንሳፈፋል» አለኝ። በማግስቱ አነስ ያለ አመጣ። ያኛው ሲሳብ ንቅንቅ አላለም።

ሁለት ዓይነት እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ውሃ ሲነካው ወይም ገመዱ ሲሳብ ከትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ይነፋል። ለእንቅስቃሴ ይመቻል። ግን ከመውጣት በፊት ቆርቆሮው ያልተበሳ መሆኑንና በደንብ መጥበቁን ማየት ያስፈልጋል። ሌላው በስፖንጅ የተሞላው ነው። ወፍራም ነው፣ ይሞቃል፣ ፎቶ ላይም አያምርም። እኔ ስፖንጁን መረጥኩ። ዋና የማይችል ሰው ቆርቆሮ ማመን የለበትም ባይ ነኝ።

«ከመቀመጫ ሥር አስቀምጬው፣ ሲያስፈልግ እለብሰዋለሁ» የሚሉ አሉ። ሰውዬው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል። አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ዋናተኛም ቢሆን ያው ነው። ጃኬት መፈለጊያ ጊዜ የለም። ይህን ሲያስረዳኝ ሳንድዊቼን አስቀመጥኩት። ያን ሌሊት ይህን አለማወቄ ሳይጠቅመኝ አልቀረም።

በልብስ ጉዳይ ብዙ አልተከራከርንም። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ተከለከሉ፤ ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ውሃ ደግሞ ሙቀት የሚያስተላልፈው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው። ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ የማያንሸራትት ጫማ። በቃ።

ማቅለሽለሹ ግን አሳስቦኝ ነበር። ነገሩ የጆሮና የዓይን ጠብ ነው። የውስጠኛው ጆሮ «እየተናወጥን ነው» ይላል። ዓይን ጀልባዋን ብቻ እያየ «ኧረ ቆመናል» ይላል። አንጎል መሐል ቤት ግራ ይጋባል፤ ሆድ ይከፍላል። መድኃኒቱ የሚዋጠው ከመሳፈር በፊት ነው፤ ማስመለስ ከተጀመረ ምን ዋጋ አለው? አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ፋርማሲ ጠየቅሁ። ጀልባዋ ላይ ደግሞ ስልክ ላይ አለማፍጠጥ፣ አድማሱን ማየት። ዳርዊን ከ1831 እስከ 1836 በመርከብ ዓለምን ሲዞር ባሕር ላይ በወጣ ቁጥር ይታመም እንደነበር ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ።

ማታ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ቋጠሮ ተለማመድኩ። ክሩን በመንጠቆው ቀለበት ማሳለፍ፣ በራሱ ላይ 5 ጊዜ መጠምዘዝ፣ ጫፉን ቀለበቱ አጠገብ ባለው ቀዳዳ መመለስ። ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማራስ አይረሳም። የናይለን ክር በደረቁ ከተሳበ በሰበቃው ይሞቅና ይዳከማል። ጣቴን ስንቴ እንደወጋሁ አትጠይቁኝ።

ሐሙስ ዕለት ሰውዬው ወረቀት ሰጠኝ። የት እንደምንሄድ፣ ስንት እንደሆንን፣ ጀልባዋ ምን እንደምትመስል፣ በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ጽፎበታል። «መሬት ላይ የሚቀር አንድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ከቀረን የሚጮኽልን እሱ ነው። እኔ ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ። አንተስ ለማን ትሰጣለህ?»

አርብ ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ።

«ነገ በጀልባ ልሄድ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ደግሞ ወዴት?» አለች።

«የትም አይደለም እማዬ። ዓሣ ላጠምድ ነው።»

«ዓሣ የሚሸጥ ጠፍቶ ነው?»

ስለ ላይፍ ጃኬቱ ነገርኳት። ስለ ቋጠሮው ነገርኳት። ስልክ በማይሠራበት በሬዲዮ ቻናል 16 እርዳታ እንደሚጠራ ሁሉ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ያኔ ሳልነግራት ነው የተሳፈርኩት። ድምፄን የሰማችው ከ11 ቀን በኋላ ነው።

«በስንት ሰዓት ነው የምትመለሰው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«በኛ ነው በእናንተ?»

«በእናንተ።»

ስትጽፈው ሰማኋት።

ቅዳሜ ጃኬቱን የለበስኩት ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ሰውዬው አየኝና ምንም አላለም። ሁለት ዓሣ ያዝኩ። አንዷን ለካናት፣ ከተፈቀደው መጠን አነሰች፣ መለስናት። አላስመለሰኝም። ወደብ ልንደርስ ስንል ስልኬ መሥመር አገኘና ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰባት ያመለጡ ጥሪዎች። ገና ለዘጠኝ 20 ደቂቃ ነበረው።

«ማን ነው እንዲህ የሚፈልግህ?» አለኝ ሰውዬው መሪውን እንደያዘ።

«መሬት ላይ የቀረችው ናት» አልኩት።