ሳላወጣው የቆየሁት ትንፋሽ

እናቴ ደሴ ላይ ያረፈችው ከአራት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር ነው። መርዶው የደረሰኝ እንደ ወጉ ማለዳ ነበር፤ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማዬ በር ላይ ሦስት የአገሬ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ባየሁ ጊዜ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሁሉም ነገር ገባኝ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬ ገና አላለቀም ነበርና ለቀብሯ መሄድ አልቻልሁም። ግድግዳው ስስ በሆነ ቤት ውስጥ ጎረቤት እንዳልረብሽ እየሰጋሁ ድምፄን አፍኜ አለቀስሁ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለስሁ። ጥርስ ነክሶ ማሳለፍ የሚባለውን ያን ጊዜ ጥንካሬ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ነገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት፣ ከወራት በኋላ የጥርስ ሐኪሜ መንጋጋዎቼ ሌሊት በመፋጨት ብዛት ምን ያህል እንደተበሉ በመስታወት ሲያሳየኝ ነው።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሰውን ከአልጋ ደግፌ አንሥቼ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ሳዛውር ሁልጊዜ የምጠቀመው በቀኝ ጎኔ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የታችኛው ወገቤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ጀመረው፤ ቀኝ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ ቀረ፤ የቀኝ ጫማዬም ተረከዝ ከግራው ቀድሞ በውጭ በኩል ማለቅ ጀመረ። ሐኪሜ መርምራ በአጥንቴም በነርቬም ላይ የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ውስጥ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ እንዲሞከሩ ከተመከሩት ነገሮች አንዱ ዮጋ መሆኑን ነገረችኝ።

ሆኖም ለመሄድ ሁለት ሳምንት ያህል አመነታሁ። ዮጋ ከሂንዱ እምነትና ፍልስፍና ውስጥ የበቀለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያናችን መምህራን መካከልም ከዚያ ሥር ሊነጠል አይችልም የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውን አላቃልልም። እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ የማላምንበትን ዝማሬ ሳላዜም፣ ሰውነቴን ለማፍታታትና ትንፋሼን ለማስተካከል ብቻ ልማር ወሰንሁ። ልጅ ሳለሁ በዐቢይ ጾም ከእናቴ ጎን ሆኜ እሰግድ ስለነበር፣ ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት ለጉልበቴ እንግዳ አልነበረም። ስግደት ግን ለፈጣሪ የሚቀርብ ነው፤ ይህኛው የጡንቻና የትንፋሽ ሥራ ነው፤ ሁለቱን አልቀላቅላቸውም።

መምህራችን በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ፣ በህንዳዊው የዮጋ መምህር በቢ ኬ ኤስ አየንጋር ዘዴ የሠለጠኑ ሴት ናቸው። አየንጋር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዓለምን ባመሰበት ጊዜ፣ እናታቸውም በዚያው ወረርሽኝ ታመው ሳለ ነው፤ በልጅነታቸው ወባ፣ የሳንባ ነቀርሳና ታይፎይድ ተፈራርቀውባቸዋል። ጤነኛ ሰው ያለ ድጋፍ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ደካማ ሰውም እንዲሠራው ብርድ ልብስ፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ጡብ፣ ወንበርና ገመድ የመጠቀምን ዘዴ ማስፋፋታቸው ከሰው ሁሉ በላይ ሕመምን ያወቀ ሰውነት ስለነበራቸው ይመስለኛል። እኔም ከደሴ የተላከልኝን የእናቴን ጋቢ አራት አጥፌ ወደ ክፍሉ ይዤ መሄድ ጀመርሁ፤ ለወገብ መደገፊያ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

በመጀመሪያው ቀን ያደረግነው ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነበር። በሳንስክሪት ታዳሳና ይሉታል፤ የተራራ አቋም ማለት ነው። መምህራችን አጠገቤ መጥተው «ክብደትሽ ያለው በየትኛው እግርሽ ላይ ነው?» አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ፣ ቀኝ እግሬ ሁሉን ተሸክሞ የግራ ተረከዜ መሬቱን በወጉ እንኳ ሳይጫን ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ዳሌዬን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ መካከል አመጡኝ። ወደ ግራ ልወድቅ የደረስሁ መሰለኝና ደነገጥሁ፤ ዓይኔን ገልጬ መስታወቱን ስመለከት ግን ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ያን ዕለት ማታ በአውቶቡስ ስመለስ፣ ለአምስት ወራት «ደኅና ነኝ» እያልሁ የኖርሁትም እንዲሁ አጋድዬ ይሆን እያልሁ አሰብሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የሆነውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ትምህርቱ የሚያበቃው በጀርባ ተንጋልሎ፣ እጅና እግርን ዘርግቶ፣ ምንም ሳይንቀሳቀሱ በመቆየት ነው። ስሙ ሻቫሳና ሲሆን ሻቫ ማለት ሬሳ ማለት እንደሆነ ያን ዕለት ተነገረን። እኔ የእናቴን አስከሬን አላየሁም፤ ግንባሯን አልሳምሁም፤ አፈር ሲለብስ አልቆምሁም። በጋቢዋ ላይ ተጋድሜ የእሷን የመጨረሻ አተኛኘት በገዛ አካሌ እንደያዝሁት ተሰማኝ። መጀመሪያ አገጬ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ መንጋጋዬ ተከፈተ፣ ከዚያም ከሆዴ የመጣ ረጅም ትንፋሽ ወጣና ልቅሶዬ ተከተለው። መምህራችን ምንም አልተናገሩም፤ ብርድ ልብስ አለበሱኝና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

በዮጋ ሰዎች ዘንድ ሐዘን በዳሌ ውስጥ ይከማቻል የሚል አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። ይህን አልቀበለውም፤ ስሜት እንደ እህል በአንድ ጎተራ የሚቀመጥ አይደለም። የማምነው ቀለል ያለውን ነው፦ ሰው ልቅሶውን ለማፈን ትንፋሹን ይይዛል፣ ትንፋሹን ለመያዝ ሆዱን፣ ትከሻውንና መንጋጋውን ያጠነክራል፤ ይህንም በየቀኑ ሲያደርገው ጡንቻው ልማድ ያደርገዋል። አየር ስናስገባ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ቬገስ በተባለው ነርቭ አማካይነት ይቀንሳል። እኔ ግን የማስገባውን እንጂ የማስወጣውን አልጨርሰውም ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆርጬ እንደገና እስባለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የተለማመድሁት አራት እየቆጠሩ ማስገባትን፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣትን ነው። በአማርኛችን የዕረፍት ስሙ እፎይታ መሆኑ፣ እፎይ ደግሞ ትንፋሽ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ሆድ ይፍጀው የምንለውስ ያልወጣውን አይደለምን?

በጥንታዊው የህንድ ጠቢብ በፓታንጃሊ ስም በሚታወቀው የዮጋ ጽሑፍ ላይ ስለ አካል አቀማመጥ የተሰጠው መመሪያ እጅግ አጭር ነው፤ ጽኑም ምቹም ይሁን ይላል። ጽናቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ያደግሁበት ነው። ምቾቱን ግን እንደ ስንፍና እቆጥረው ስለነበር እስካሁን ይከብደኛል፤ አንዳንድ ቀን ሥራ በዝቶ ከሄድሁ ትከሻዬ ተመልሶ ይሰቀላል፣ የቀኝ ጫማዬም ዛሬም ቀድሞ ያልቃል። ወገቤ ግን አሁን ሌሊት አይቀሰቅሰኝም። የእናቴን ስም ስጠራም ድምፄ መቆራረጡን ትቷል።

እናቴን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ታናሽ እህቴ ናት። ባለፈው ክረምት በስልክ ስናወራ፣ ቀኝ ክንዷን ማንሣት እንዳቃታትና ሌሊት ጥርሷን እንደምታፋጭ ባሏ እንደነገራት አጫወተችኝ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለመንኋት፤ ሄደችም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደሴ ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን፣ ስልካችንን ከጆሯችን አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀምጠን ሁለታችንም እንጋደማለን። እኔ እቆጥራለሁ፤ አራት፣ ከዚያ ስድስት። መጀመሪያ ሰሞን የእሷ ትንፋሽ ሦስት ላይ ይቆረጥ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ አምስት ደረሰች።