ከኋላ የተለጠፈችው ሰማያዊ ቅጠል

መኪናዋን ስገዛ ዓይኔ ያረፈው በቆዳ ወንበሯ ላይ አልነበረም፤ ከኋላ በስተቀኝ በተለጠፈችው፣ ከአውራ ጣቴ በማትበልጥ ሰማያዊ ቅጠል ላይ ነበር። ያገለገለች የቅንጦት መኪና ናት፤ የሠሪዋን ስም አላነሳም። ቅጠሏ ነዳጅ ቆጣቢ ነኝ ትላለች፤ መግለጫ ወረቀቷም ለ100 ኪሎ ሜትር 6.8 ሊትር ቤንዚን ይበቃታል ይላል። ምቾትም ቁጠባም በአንድ ዋጋ! ሳላመነታ ከፈልኩ።

በሁለተኛው ወር ደስታዬ ቀዘቀዘ። ዳሽቦርዱ 9.4 ሊትር ያሳያል፤ ኪሴ ግን እሱንም አላመነውም። ስለዚህ በድሮው መንገድ ለካሁ። ታንኩን አስሞልቼ የማደያው መቅጃ ራሱ ሲቆም ተውኩት (ትንሽ ይጨመርበት የሚለውን ፈተና መቻል ያስፈልጋል)፤ የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አደረግኩ። ልክ 500 ኪሎ ሜትር ነድቼ እዚያው መቅጃ ጋ ተመለስኩ። 52 ሊትር ገባ፤ ለመቶ ኪሎ ሜትር 10.4 ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው።

ታዲያ 6.8 ከየት መጣ? መኪናዋ በተሠራችበት ዘመን የአውሮፓ መለኪያ ኤንኢዲሲ የሚባለው ነበር። መኪናው ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ይቆምና 20 ደቂቃ ያህል፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ «ይጓዛል»። አማካይ ፍጥነቱ 34 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግድም ነው፤ ማቀዝቀዣው ጠፍቷል፤ ከጊዜው ሩብ ያህሉን ደግሞ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። መኪናው በቆመ ቁጥር ሞተሩን የሚያጠፋ ቴክኖሎጂ እዚህ ፈተና ላይ ቢያበራ ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ እሱን የተካው ደብልዩኤልቲፒ 30 ደቂቃና 23 ኪሎ ሜትር ይወስዳል፤ ፍጥነቱም ከፍ ይላል። ለእኔ መኪና ግን ዘግይቷል።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ፦ የእኔዋ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ጠፍቶ አያውቅም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ወንድሜ፣ ይሄ የእሷ ባትሪ አይደለም» አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ኤጂኤም የሚባለውን ጠንካራ ባትሪ በተራ ባትሪ ተክቶት ኖሯል። ኮምፒውተሩ ባትሪው መልሶ ሞተሩን ያስነሳል ብሎ ስላላመነ ሞተሩን ማጥፋት ትቷል። ትክክለኛው ባትሪ ተገጠመ፤ አዲስ መሆኑም ለኮምፒውተሩ ተነገረው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የጎማዎቹ የአየር ግፊት ደግሞ 2.0 ባር ብቻ ነበር፤ በሾፌሩ በር ጎን ያለው ወረቀት 2.6 ይላል። ጣሪያው ላይ ለወራት ባዶውን የኖረውን የዕቃ መጫኛም ፈታሁት። በሚቀጥለው ሙሌት 9.3 ሆነ።

ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ኢኮ የሚለው ቁልፍ ብዙም አልረዳኝም። የነዳጅ መስጫውን ስለሚያደነዝዘው እኔ አጥብቄ ስረግጥ ጥቅሙን አጠፋሁት። የሠራው ረጅም መንገድ ላይ ከ120 ወደ 100 መውረድ ነው፤ የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በ120 የሚገጥማት ተቃውሞ በ100 ከሚገጥማት 44 በመቶ ይበልጣል። 8.1 አየሁ።

ስለ ቅጠሏም ሐሳቤን ለውጫለሁ። የመርሴዲስ ብሉኤፊሸንሲ፣ የቢኤምደብልዩ ኤፊሸንትዳይናሚክስ፣ የአውዲ አልትራ፣ ሁሉም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለነዳጅ ቁጠባ ያወጧቸው ስሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሌክሰስ ኤልኤስ 600ኤች ሃይብሪድ (በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሠራ) ነው፤ ግን 5.0 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርና ከ2 ቶን በላይ ክብደት አለው። እንዲህ ያለ ምልክት መኪናውን የሚያነጻጽረው ከገዛ ወንድሙ ጋር እንጂ ከጎረቤት ትንሽ መኪና ጋር አይደለም። ሲገዙ ክብደቱንና የጎማውን ስፋት ማየት ይሻል ነበር፤ እኔ ቅጠል አየሁ።

ቅጠሏ አሁንም አለች። የባትሪው ዋጋ ግን በቆጠብኩት ነዳጅ ገና አልተመለሰም።