የጌራው ማር

የተሳልኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥላ ነበር፤ እሱን ለእመቤታችን አስገብቻለሁ። ሁለተኛው ያደረገችልንን ለሰው መናገር ነው። ይሄኛው ዘገየ። የቤተሰብን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት አይሆንልኝም። ስለት ግን ስለት ነው፤ ይኸው።

ባለፈው ክረምት እህትም ወንድምም ከነትዳራችን፣ ከነልጆቻችን ተሰብስበን ጅማ ሄድን። አክስታችንም ተጨመረች። በሁለት መኪና ነው የሄድነው። ልጆቹ ትምህርት ተዘግቶላቸዋል፤ አሜሪካ ያለችው እህታችንም ፈቃድ ያገኘችው ለነሐሴ ብቻ ነው። ጅማን የመረጠችው እማዬ ናት። አባታችን በሕይወት ሳለ እዚያ አስተምሯል፤ ታላላቆቻችንም የተወለዱት እዚያው ነው። «ልጆቼን ይዤ ጅማን አንዴ ልያት» ማለት ከጀመረች ቆይታለች።

ዝናቡ ዝናብ ነበር። ቢሆንም ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆነው ነው። ልጆቹ ከእንጨቱ ሰገነት አልወርድም አሉ። እማዬ ደግሞ ድሮ ተከራይተውት የነበረውን ቤት ፈልጋ አጣችውና ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ ዋለች። ከዚያ ገበያ ወጣን። አክስቴ ያንን ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራውን ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ስታይ ልቧ ጠፋ። ለራሷ፣ ለጎረቤቷ፣ ለዕድሯ ሰብሳቢ እያለች የፊተኛውን መኪና ኋላ ሞላችው። የወንድሜ ሚስት የገዛችው አንድ ባልዲ የጌራ ነጭ ማር ቦታ አጣና እኛ መኪና ላይ ተጫነ። ይህቺን ያዙልኝ።

እማዬ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነው። የንስሐ አባቷ መድኃኒቷን ወስዳ እንድትበላ ነግረዋታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ታማሚን አታስገድድም። እሷ ግን «የእመቤቴን ጾም እየገደፍኩ በምን ፊቴ ልለምናት?» ባይ ናት። ስናያት ትጎርሳለች፣ ዞር ስንል ትተወዋለች። የምንመለስ ዕለት ሳይነጋ ተነሣን። መርፌዋን ተወግታለች። «ቁርስ በላሽ?» ስንላት «አዎ» አለች። ምን እንደበላች እስከ ዛሬ አልተናገረችም።

ሰርቦን አለፍን፣ አሰንዳቦን አለፍን። ወደ ሰኮሩ ስንቃረብ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከዳገቱ አፈር አውርዶ የመንገዱን ግማሽ ዘግቶታል። የፊተኛው መኪናችን ዳር ዳሩን ይዞ አለፈ። ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ሊያልፍ ሲል የኋላ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠና የቀረውን መንገድ ዘጋው። ስንቁ፣ የእማዬ ቦርሳ፣ የስኳር መለኪያዋ፣ ሁሉም ያለው ባለፈው መኪና ውስጥ ነው። ስልክ አይሠራም። ኋላችን መኪና ላይ መኪና ተሰለፈ። ሹፌሩን ያልረገመ ሰው አልነበረም። ወንድሜማ ወርዶ ሊጣላው ምንም አልቀረው።

እማዬ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቃት። መኪናው አዙሯት ይሆናል ብለን መስኮት ከፈትንላት። ቀጥሎ እኔን በሟች እህቷ ስም ጠርታ «ከሰሉን አጥፊው እንጂ» አለችኝ። እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ። እህቴ «ስኳሯ ነው!» ብላ ጮኸች። ግን ወጣ ወይስ ወረደ? በምን እንለካው? እየተጨቃጨቅን ሳለ እማዬ ትከሻዬ ላይ ተዝለፈለፈች። ብንጠራት የለችም።

ጸሎት አውቃለሁ ባይ ነኝ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ እደግማለሁ። ያን ሰዓት ግን አባታችን ሆይ እንኳን ጠፋኝ። ከአፌ የወጣው «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ብቻ ነው፤ እሱኑ እየደጋገምኩ እጮኻለሁ። መሃል ላይ «እመቤቴ፣ እናቴን በጾምሽ እንዳትወስጅብኝ! ጥላ አስገባለሁ፣ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» አልኩ። ልመና አይመስልም፤ ቁጣ ነበረበት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ እሷ ግን የእናት ነገር ይገባታል።

አንዱ ሰው ሚሪንዳ ከፍቶ አፏ ላይ ሊያፈስላት ሲል ከኋላችን ከቆመው ሚኒባስ አንዲት ልጅ ጭቃውን እየዘለለች መጣች። ሂጃብ ለብሳለች። «ተው! እንዳታጠጣት፣ ሳንባዋ ይገባል!» አለችው። ነርስ ናት፤ ወደ ሥራዋ እየሄደች ነበር። እማዬን በጎኗ አስተኛቻት። ኢንሱሊን እንደምትወስድና እንደምትጾም ስንነግራት «ወርዶባት ነው» አለች። «ባይሆንስ?» አለ ወንድሜ። «ወጥቶ ከሆነ ትንሽ ስኳር ብዙ አይጎዳትም። ወርዶ ከሆነ ግን ጊዜ የለንም። ስኳር፣ ማር፣ ምን አላችሁ?»

ማር! የወንድሜ ሚስት ባልዲውን በጥርሷ ነው የከፈተችው ብል ማጋነን አይሆንም። ነርሷ «ቢስሚላህ» ብላ በጣቷ እየዛቀች ድዷንና የጉንጯን ውስጥ በትንሽ በትንሹ ቀባቻት። እሷ «ቢስሚላህ»፣ እኔ «ሰአሊ ለነ»። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ። መጀመሪያ ከንፈሯ ላሰ። ቀጥሎ ዓይኗ ተገለጠ። ነርሷ «እማማ፣ ይሰማዎታል?» አለቻት። እማዬ አየቻት፣ ባልዲውንም አየች። «ይሄን ማር ማን ከፈተው?» አለች።

ሳቅንም አለቀስንም።

ነርሷ ግን ገና ነው አለች፤ ማሩ ካለቀ ስኳሯ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፣ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት። በኦሮምኛ ጮክ ብላ ሰው ጠራች። ጎረምሶች ጋቢ ዘርግተው እማዬን በጭቃው ላይ ተሸከሟት። አንደኛውን ጫፍ የያዘው ማን መሰላችሁ? ያ የረገምነው ሹፌር! ማዶ የፊተኛው መኪናችን ቀረን ብሎ ተመልሶ ቆሟል። በርጩማዎቹ ተራግፈው መንገድ ዳር ተደረደሩ፤ እማዬ በቦታቸው ተኛች። አክስቴ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ይሄም ራሱን የቻለ ተአምር ነው።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ መለኪያው 58 አለ። ከ70 በታች ወርዷል ይባላል፤ ያ ደግሞ ያን ሁሉ ማር ከላሰች በኋላ ነው። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሰጧት። ከሰዓት ላይ ተቀምጣ ሽሮ በላች።

ታናሽ ወንድሜ የተማረ ነው። «ያዳናት ማሩና ግሉኮሱ ነው» ይለኛል። አልከራከረውም፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እንዲህ እለዋለሁ። መኪናው ባይሰምጥ ኖሮ እማዬ ጭልጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ሁላችንም እንቅልፍ ወስዷት ነው ብለን ዝም እያልን ትሄድብን ነበር። ነርሷ የነበረችበት ሚኒባስም ከኋላችን ባልቆመ። ማሩም ለአክስቴ በርጩማ ቦታ ባይለቅ ኖሮ ጭቃውን ተሻግሮ ሄዷል። እሱ «አጋጣሚ ነው» ይላል። ይበል። እንዲህ የተገጣጠመ ነገር ሳይ አመሰግናለሁ እንጂ ዝም ማለት አልችልም።

የነርሷን ስም ሳንጠይቅ ተለያየን፤ ጭቃው ሲጸዳ ሚኒባሱ አልፎ ሄዷል። በርጩማዎቹን ግን ሹፌሩ ጭኖ ወልቂጤ ድረስ አመጣልን። ወንድሜ አቅፎ ሳመው።

ጥላውን በፍልሰታ ፍቺ ዕለት አስገባሁ። እማዬ ዘንድሮ የንስሐ አባቷን ቃል ተቀብላለች፤ መርፌዋን በተወጋች ቁጥር እህቴ ከአሜሪካ በቪዲዮ ትደውልና እስክትውጥ ድረስ ታያታለች። «ይሄስ ከጾሙ ባሰ» ትላለች እማዬ፣ እየጎረሰች።