እንኳን ማርያም ማረችሽ

ዛሬ እህቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ዋልኩ። ከወለደች ሳምንቷ ነው። አዋላጅ ማለት ሕፃኑን ተቀብላ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሥራው ገና ነው!

ሲስተር ግፊቷን ለካች። ሆዷን ዳሰሰች። ደም ይበዛብሻል? ራስ ምታትስ? ትኩሳትስ? ከዚያ ሕፃኑን መዘነች፣ እትብቱን አየች። እናቴ ቅቤ ልትቀባው አስባ ነበር። «ማዘር፣ እትብቱን ቅቤ አይነካውም። እስከ 6 ወር ደግሞ ጡት ብቻ፣ ውሃም የለም» አለቻት። እናቴ አኮረፈች (እኛን በቅቤ አሳድጋ!)።

መጨረሻ ላይ እህቴን ዝቅ ባለ ድምፅ «እንቅልፍስ? ሆድ ይብስሻል?» አለቻት። እህቴ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሳምንቱን ሙሉ ቤታችን ስንት ሰው ገንፎ በልቶ ወጣ። እኔም በልቻለሁ። ይህን የጠየቃት ግን አልነበረም።

ለ45ኛው ቀን ክትባት ተቀጥረናል። እኔው ነኝ የምወስዳት።