ምጣዱ ሲያቃጥለኝ አልተሰማኝም

እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሆዴን በኦፕራሲዮን ከተሠራሁ አራት ወር ሆኖኛል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን ያለው ልክ ሆዴ ጋ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሊጡን ሳዞር ወደ ፊት ዘንበል እላለሁ። ስድስት ሰባት እንጀራ አወጣሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ማታ ልታጠብ ልብሴን ሳወልቅ ከእምብርቴ በታች የጣቴን ያህል የሚረዝም ቀይ መስመር አየሁ። ጫፉ ላይ ውሃ ቋጥሯል። የምጣዱ ጠርዝ ነው። ቀሚሴ ስስ ነበር። ተቃጥዬ ዋልኩ፤ ግን አላወቅኩም።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የመጣውን የሆዴን ድንዛዜ በቁም ነገር የያዝኩት ያን ማታ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ነው። ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። ከሁለተኛዋ በኋላ የሆዴ ጡንቻ መሃል ለመሃል ተከፍቶ ቀረ። ስቀመጥ ቆዳው ጭኔ ላይ ይተኛል። ስፖርት ሠራሁ፣ ክብደቴም ቀነሰ፤ ቆዳው ግን እዚያው ነው። እናቴ በስልክ «የወለደ ሆድ ምን እንዲሆን ነው የምትፈልጊው ልጄ?» ትለኝ ነበር። ኢንሹራንሴ ለውበት ነው ብሎ አልከፍልም አለ፤ ሦስት ዓመት አጠራቅሜ ተሚ ተክ የሚባለውን፣ የላላ የሆድ ቆዳ ቆርጦ የሚያጠብቅ ኦፕራሲዮን ተሠራሁ። አልተጸጸትኩም። ይህን የምጽፈውም አትሠሩ ለማለት አይደለም።

ሐኪሙ የሆድን ታችኛ ክፍል ከዳሌ እስከ ዳሌ ይቀድዳል። ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ላይ ወደ ጎድን አጥንት ድረስ ይገልጠዋል፤ የተከፈተውን ጡንቻ ይሰፋል፤ ከዚያ ቆዳውን ወደ ታች ስቦ ትርፉን ይቆርጣል። ቆዳው ሲገለጥ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን የስሜት ነርቮች አብረው ይቆረጣሉ። ስለዚህ መደንዘዙ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ የሐኪም ስህተት አይደለም። በፈረምኩት ወረቀት ላይም በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ከወሊዱ በኋላም ጠባሳዬ አካባቢ ደንዝዞ ለቆኝ ስለነበር ይሄም እንደዚያው መሰለኝ። የደነዘዘ ቆዳ ራሱን መጠበቅ እንደማይችል ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድንዛዜው እንደ እረፍት ነበር። የተሰፋው ጡንቻ ያመኛል፤ ጎብጬ ነው የምሄደው። ፈሳሽ የሚያወጡት ሁለት ቱቦዎች ሲነቀሉ ግን ቆዳዬ ላይ ምንም አላመመኝም። ደስ አለኝ።

እያደር ሌላ ነገር መጣ። ስታጠብ የሌላ ሰው ሆድ የማጥብ ይመስለኝ ጀመር። እጄ ሆዴን ያውቀዋል፤ ሆዴ እጄን አያውቀውም። አንድ ቀን ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ አቀፈኝ። እጁ ሆዴ ላይ መሆኑን ያወቅኩት ዝቅ ብዬ ሳይ ነው። እሱ አላወቀም፤ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ? «ለውበት ብለሽ ራስሽ ያመጣሽው» መባል አለ። ብዙዎቻችን ዝም የምንለው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዝም ስንል ደግሞ ሐኪሙንም ሳንጠይቅ እንቀራለን።

ሦስተኛው ወር ላይ ማሳከክ ጀመረኝ። ከላይ ባክከው አይደርስበትም፤ ከውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ንዝር ያደርገኛል። በጥፍሬ ቆዳዬን ልጬው ነበር፤ እሱንም ያየሁት በመስታወት ነው። ለሐኪሙ ስነግረው ነርቮቹ እያደጉ ስለሆነ ነው፣ ጥሩ ምልክት ነው አለኝ። ነርቭ የሚያድገው በአማካይ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ስንዝር ለመሄድ ወራት ይፈጃል ማለት ነው። ብዙ ሰው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ አብዛኛው ስሜቱ ይመለስለታል፤ አንዳንዱ ከዚያም ይቆያል፤ ጨርሶ የማይመለስ ቦታም ይኖራል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ የደነዘዘውን ቦታ ካርታ መሥራት ጀመርኩ። በየወሩ መጀመሪያ እጋደምና ዓይኔን እጨፍናለሁ። ትልቋ ልጄ በጥጥ ከጎን ወደ መሃል እየነካች ትመጣለች። «አሁንስ?» ትለኛለች። «አዎ።» «አሁንስ?» ስሜቱ የሚጠፋበት ቦታ ላይ በዓይን ኩል እርሳስ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥቦቹን እናያይዝና በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ። አምስተኛው ወር ላይ የሾርባ ሳህን ያክል ነበር። ከጎንና ከላይ እየጠበበ መጣ። ፎቶዎቹ ባይኖሩ ምንም አልተለወጠም ብዬ እምል ነበር፤ ከቀን ወደ ቀን አይታወቅማ።

ማታ ማታ ደግሞ ከሻወር በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል በጥጥ፣ በነጠላ ጥለት፣ በለስላሳ ብሩሽ ከሚሰማኝ ቦታ ወደማይሰማኝ እያየሁ እዳብሳለሁ። ይህን ያሳየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ነርቮቹን አፈጠናቸው ብዬ አልምልም። ግን ልብስ ሲነካኝ ያስደነግጠኝ የነበረው ንዝረት ረገበልኝ።

ትኩስ ውሃ የያዘ ላስቲክ ሆዴ ላይ ማድረግ ትቻለሁ፤ የወር አበባ ሕመም ቢጠናብኝም ጀርባዬ ላይ ነው የማደርገው። በረዶም ያው ነው፤ ሳይታወቅ ቆዳ ይጎዳል። ሆድ አጥብቆ የሚይዘው ልብስ ሲታጠፍ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ አውልቆ ማየት ነው። በተለይ ቁስሉ ትኩስ ሳለ በየማታው መስታወት ፊት ቁሙ። ቦታው ቢመረቅዝም ሕመም ላይነግራችሁ ይችላል። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ካተኮሳችሁ ያኔውኑ ለሐኪማችሁ ደውሉ። የጭን ውጪኛው ጎን ከደነዘዘ የተጎዳው ሌላ ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪማችሁ ንገሩት። እግር መስነፍ ከጀመረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ለባለቤቴም ነገርኩት፤ በስድስተኛው ወር። እጄን ይዞ «የት ጋ ነው?» አለኝ። አሳየሁት። አሁን ሲያቅፈኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ የሚሰማኝ ቦታ ላይ ያሳርፋል።

ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከእምብርቴ በታች የመዳፌን ያህል ቦታ አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ካርታውን ትንሿ ልጄ ተረክባለች፤ ነጥቦቿ ትላልቅ ናቸው። እንጀራ ስጋግር ፎጣ አጥፌ ሆዴ ላይ አደርግና በመቀነት እታጠቃለሁ።