የውስጠኛው ጎማ በምን ይነፋል?

አለቃዬ «የማይታይ ነገር ላይ ጊዜ አታባክን» ማለት ይወዳል። ሲናደድም ሲደሰትም ይላታል። ሥራችን ለትንንሽ የጭነት መኪና ሞዴሎች ጎማና ቸርኬ መሥራት ነው፤ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ የሲሊኮን ሞልድ ውስጥ እናፈሳለን፣ ሲደርቅ እንነቅለዋለን። ቦታው ቨርጂኒያ፣ ወርክሾፗ ጠባብ፣ ሽታው ከባድ። ደንበኞቻችን ከካርቶን የሚወጣው የፕላስቲክ ጎማ አልዋጥ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ መነጽር ላይ አጉሊ መነጽር ደርበው በአንድ የቸርኬ ማሰሪያ ዳዶ ጉዳይ ሳምንት ይከራከራሉ።

ለነገሩ ዳዶው ያከራክራል። 11 አር 22.5 የሚባለው የጭነት ጎማ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲም ያህል ነው። እኛ በ1/25፣ ማለትም ሃያ አምስት ጊዜ አሳንሰን ስንሠራው 42 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ33 ቁልፍ የሚፈታው ዳዶ 1.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። በአንድ ቸርኬ ላይ አሥር ዳዶ አለ። አንዱ ላይ አረፋ ከያዘ ቸርኬው ይጣላል።

የኋላው ግን ጥንድ ጎማ ነው። የውጪውን ቸርኬ አሳምረን እንሠራለን፤ የውስጠኛው ያኔ ድፍን ክብ ነበር። ቀዳዳ የለው፣ ዳዶ የለው። ድፍን ነገር ከሲሊኮኑ በቀላሉ ይላቀቃል፣ አረፋ አይይዝም፣ ሞልዱም ቶሎ አይቀደድም። ደግሞስ ማን ያየዋል? አለቃዬ ይህን ሲያስረዳ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ ነው።

ጣቱን ካነሳሁ አይቀር፣ ጓንት አጥልቆ ነበር። ርካሽ ነው ብሎ የላቴክስ ጓንት በካርቶን አስጭኖ አመጣ። ላቴክስ ውስጥ ድኝ አለ። ፕላቲነም ሲሊኮን ደግሞ ድኝ ከነካው አይደርቅም። እጁ ያረፈበት ቦታ ሁሉ እየተጣበቀ ቀረ፤ ሞልዶቹን ጣልናቸው። ጥፋተኛው የሲሊኮኑ ፋብሪካ ሆነ። ጓንቱ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ፤ ሽንት ቤት ስናጸዳ እናጠልቀዋለን።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ሐበሻ ደንበኛ መጣ። የራሱን መኪና የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ያቺን አፍንጫ ረጅም ኬንዎርዝ ደብሊው 900። ሊሸጣት ነው። ከመሸጡ በፊት በትንሹ ሠርታችሁ ስጡኝ አለ። ጢሙ ነጭ ስለሆነ ጋሼ አልኩት። «ጋሼህ ሌላ ቦታ ይኑር፤ አንተ በለኝ» አለ። እሺ ብዬ አንተ አልኩት።

እኛ ጎማና ቸርኬ እንጂ ሙሉ መኪና ብዙ አንወስድም። አለቃዬ ግን ይህን ወደደው፤ ራሱ ገጣጠመው፣ ራሱ ቀባው። የቀለም እጅ አለው፣ አልክድም። ከየዳዶው ሥር ጸጉር የምታህል የዝገት መስመር ወደ ቸርኬው ጠርዝ አወረደ። እውነት ዝናብ የመታው ነው የሚመስለው። የሹፌሩን ታርጋ በኮምፒውተር አሳንሶ ለጠፈበት። ሥራው ሲያልቅ በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳው።

ሹፌሩ ሊረከብ መጣ። ሞዴሉን ሲያይ ፊቱ በራ። «እሷ ናት!» አለ። አለቃዬም ደረቱን ነፋ። እዚህ ላይ ገንዘቡን ተቀብለን ሰላም ብንለያይ ምን ነበረበት?

ሹፌሩ ጃኬቱን አወለቀ። ወንበር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ጠረጴዛው ሥር በርከክ አለና ዓይኑን ከጎማው ጋር ትክክል አደረገ። ከግራ የፊት ጎማ ጀመረ። በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ «በደንብ የታሰረ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያልተጣመመ፣ ያልተሰበረ» እያለ ወረደ። የሲዲኤል፣ ማለትም የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ፈተና የተፈተነ ሐበሻ ይህቺን ያውቃታል፤ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ነው የሚወርዳት። ገባኝ። ሰውዬው ፕሪ ትሪፕ፣ ሹፌር ከጉዞ በፊት የሚያደርገውን ፍተሻ፣ እያደረገ ነው። ሚዛን ላይ ብታስቀምጠው ግማሽ ኪሎ በማይሞላ መኪና ላይ።

የፊት ጎማ ጥርስ በሕጉ ከ4/32 ኢንች ማነስ የለበትም፤ ለሌላው 2/32 ይበቃል። 4/32 በእኛ ልክ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። ዓይኑን አጥብቦ አየና «ያልፋል» አለ። ቀጥሎ ሹፌሮች ጎማ በዱላ መትተው እንደሚያዳምጡት፣ እሱ በጥፍሩ መታው። ሬዚን ነውና ጠቅ አለ።

«ነፋስ አለው» አለኝ በአማርኛ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

የአለቃዬ ዝገት ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዝገት» አለ አለቃዬ። ድምፁ ላይ ኩራት ነበረ። ለዚህች መስመር ብሩሹን በምላሱ አሹሎ ነው የሠራት።

«ዝገት መሆኑንማ አያለሁ። ዳዶው ላልቷል ማለት ነው።»

አለቃዬ አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። ዳዶ ሲላላ ቸርኬው ይላወሳል፤ ውሃ ይገባል፤ ዝገቱ ከዳዶው ሥር እየፈሰሰ ይወጣል። ሚዛን ጣቢያ ላይ የሚቆመው ተቆጣጣሪ ከሩቅ የሚፈልጋት መስመር እቺው ናት። እኛ በሚታየው ቸርኬ ሁሉ ላይ ስለናታል። በነጻ።

«እኔ መኪናዬን እንዲህ አድርጌ ነድቼ አላውቅም» አለ ሹፌሩ። አሁን ተቆጥቷል። ሚስቱን ቡትቶ አልብሰን ፎቶ ያነሳንበት ነው የሚመስለው።

«ይሄ እኮ ጥበብ ነው» አለ አለቃዬ። «መኪናው ሕይወት እንዲኖረው ነው።»

«ጥበብ ከሆነ የእኔን ታርጋ ምን አደረጋችሁበት?»

ይህን ሲል ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር። አለቃዬ በደንብ አየኝ። የሚከፍለኝ እሱ መሆኑን በዓይኑ አስታወሰኝ።

ምናለ እዚህ ቢያበቃ። ሹፌሩ ስልኩን አወጣና መብራቱን አበራ። ወደ ኋላ ጎማ ሄደ። መብራቱን በውጪው ቸርኬ የእጅ ቀዳዳ አስገብቶ ወደ ውስጥ አየ። አንዱን ቀዳዳ አየ፣ ሁለተኛውን አየ። ቀና አለ።

«የውስጠኛው ጎማ በምን ይነፋል?»

ዝም አልን።

ለማያውቅ ላስረዳ። በጥንድ ጎማ ላይ የውስጠኛውን ቫልቭ የምታገኘው በውጪው ቸርኬ ቀዳዳ እጅህን ሰድደህ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ቸርኬዎች ቀዳዳ መገጣጠም አለበት። ሁለቱን ቫልቮች ደግሞ አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች አድርገው ያስሯቸዋል። በጨለማም ቢሆን የትኛው የማን እንደሆነ በእጅ ይታወቃል። የእኛ ውስጠኛ ቸርኬ ድፍን ነው። መብራቱ የሚያሳየው ጥቁር ግድግዳ ነው።

«አይታይም እኮ» አለ አለቃዬ።

«እኔ አየሁት» አለ ሹፌሩ።

«በባትሪ ነው ያየኸው!»

«የዲኦቲ ተቆጣጣሪም በባትሪ ነው የሚያየው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ቀጠለ። አባቱ በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። እሱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ረዳት ነበር፤ ካላማዳሪ እየለጠፈ ነው ያደገው። «የውጪው ሲተነፍስ ታየዋለህ፤ ትወርዳለህ፣ ትቀይራለህ» አለኝ። «ሰው የሚገድለው የውስጠኛው ነው። ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ጭነቱን የውጪው ብቻውን ይሸከማል። አፋር ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ አስበው። አንዱ ሲፈነዳ ሌላውን ይዞት ይሄዳል። አይታይማ!»

«ምን አለ?» አለ አለቃዬ።

«ውስጠኛው ይስተካከል እያለ ነው» አልኩት። አፋርን ምን ብዬ ላስገባለት?

ሹፌሩ ጃኬቱን ለበሰ። ሞዴሉን እንደገና አየው። አሁንም እንደሚወደው ያስታውቃል። ተቆጣጣሪ መኪና እንዳይነዳ ሲያግድ እንደሚለው «አውት ኦፍ ሰርቪስ» አለና ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ቀሪውን ክፍያም ይዞት።

አለቃዬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። «ያገርህ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?»

«ሹፌር ሁሉ ነው» አልኩት።

ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሐምሌ ነበር። የቨርጂኒያ ሐምሌ አየሩ ውሃ ነው፤ ሬዚኑ እርጥበት ካገኘ አረፋ ይሠራል፣ እቃው ጋዝ ይሞላል። የደረቅ አየር ማሽኑ ይገዛ ስንል ከርመን ያልተገዛው ያው የማይታይ ነገር ስለሆነ ነው። ሲሊኮኑ ላይ ለቀዳዳዎቹ የቆሙት ቀጫጭን ምሰሶዎች ደግሞ ቸርኬውን በነቀልክ ቁጥር ይቀደዳሉ። ታልክ እየነሰነስኩ፣ ከግፊት ድስቱ እያወጣሁ፣ እየጣልኩ እንደገና አፈሰስኩ። ቫልቮቹን ከቀጭን የመዳብ ሽቦ ሠራኋቸው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። አለቃዬ ዝገቱን ጠረገና «አሁን መጫወቻ መሰለ» ብሎ ቀኑን ሙሉ አኮረፈ።

እውነቱን ለመናገር እኔም በሰውዬው ተናድጄ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ስለ ጎማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሲገባ ደስ አይልም። ግን ያን መዳብ በፒንሴት ይዤ ቀዳዳው ውስጥ ቀጥ ሲልልኝ፣ መብራት አብርቼ ደጋግሜ አየሁት። ማንም ሳይጠራኝ ሄጄም አየሁት።

ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። መብራቱን አበራ። መዳቡን አገኘው። «በል አሁን ትነሳለች» አለና ከፈለ። በር ላይ ሲደርስ «ፓራፋንጎዋ ላይ የምለው ነበረኝ፤ ይለፋችሁ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያንገበግበኝ። የሞዴል ኤግዚቢሽን ላይ አለቃዬ ያንኑ ውስጠኛ ቸርኬ የተገጠመለት ሌላ ኬንዎርዝ ይዞ ቀረበ። አጠገቡ ትንሽ ባትሪ አስቀምጧል። ሰው ሲመጣ ባትሪውን ያቀብልና «እስቲ ወደ ውስጥ እይ» ይላል። «ሌሎች የማይታየውን ይተዉታል» ይላል። ደግሞ ለዓመታት ያደረገውን ጥናት ይተርካል። እኔ ኋላው ካርቶን እያቀበልኩ ነው። አንድ ሽማግሌ «ይህን እንዴት አሰብከው?» ሲለው፣ አለቃዬ «እኔ ሁሌ የማስበው ሹፌሩን ነው» አለ።

የውስጠኛው ቸርኬ ለብቻው ዋጋ ወጣለት። ደመወዜ ላይ የወጣ ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ሹፌሩ ደወለልኝ። መኪናዋ ገና አልተሸጠችም። ሚዛን ጣቢያ ላይ አስቁመውታል። አንድ የውስጥ ጎማ ጨርሶ ተንፍሶ ተገኘ፤ ጎሚስታ እስኪመጣ እዚያው ተገትሯል።

«ጠዋት አላየኸውም እንዴ?» አልኩት።

«ተወኝ እስቲ» አለ።

ይህን ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ምን በወጣኝ!

አሁን ደግሞ ሞልዶቹ ቶሎ ቶሎ እየተቀደዱ ነው። ሲሊኮን ተወዷል። ባለፈው ሰኞ አለቃዬ ጣቱን ቀስሮ መጣ። ወደ ድፍኑ እንመለስ አለ፤ ዋጋው ሳይነካ። «ለመሆኑ ገዝቶ ወስዶ በባትሪ የሚያይ ማን አለ?»

የትዕዛዙን ደብተር አዞርኩለት። ሹፌሩ ተሳቢውንም አዝዟል። ስምንት ጎማ ነው፤ አራቱ የውስጥ።