ምድጃ የማይፈልግ የአጃ ጣፋጭ

ደብረ ማርቆስ ክረምት ሲገባ ጣፋጭ ያምረኛል። የሱቅ ብስኩት ስኳሩ ስለሚበዛብኝ ከተውኩት ቆየሁ። አሁን ቤት ውስጥ በአጃ የምሠራው አለ። መጋገር የለውም፤ ነገሩ ከበሶ ጭብጦ ብዙም አይርቅም።

2 ኩባያ ጠፍጣፋውን የታሸገ አጃ በደረቅ መጥበሻ ትንሽ አመስ አደርገዋለሁ። ግዴታ አይደለም፣ ግን ሽታው ቤቱን ሲሞላው ደስ ይላል። ከዚያ ግማሽ ኩባያ የኦቾሎኒ ቅቤና ግማሽ ኩባያ ማር በቀስታ እሳት ማሞቅ ነው። እንዳይፈላ! ከማንኪያው እንደ ክር እየተሳበ መውረድ ሲጀምር አውጡትና አጃው ላይ ገልብጡት፣ የታመሰ ሰሊጥና ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ እስኪያያዝ አማስሉት። የአደይ አበባ ማር ካገኛችሁማ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ!

ዋናው መጠቅጠቁ ነው። መጀመሪያ የሠራሁ ቀን ላላ አድርጌው፣ ስቆርጠው ፍርፍር ብሎ ቀረ። አሁን እጄን ውኃ ነክሬ ትሪው ላይ አጥብቄ እጫነዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ 2 ሰዓት ይበቃዋል፤ መብራት ከሌለ ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። ማር ስላለበት 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ።

እናቴ ከቡና ጋር ቀመሰችውና «በእንግዶስ አይሆንም?» አለችኝ፤ በጮቄ በኩል የሚዘራውን አጃ ማለቷ ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ እፈልገዋለሁ።